ማሪዋና በሕዝብ ድምፅ ሕጋዊ ሲሆን የሚለወጠው እና የማይለወጠው

የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት መራጮች እ.አ.አ በኖቬምበር 2022 ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ማሪዋናን ለግላቸው እንዲጠቀሙ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ከሦስት መራጮች ሁለቱ ያህል ጥያቄውን ደገፉ። ሕጉም ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ክፍለ ግዛት፣ ገና የአሜሪካ ዜግነት ያላገኙ ነዋሪዎች በጉዳዩ ላይ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። የውሳኔውን ወሰን ከማንም በላይ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ግን እነርሱ ናቸው።

ጥያቄው ለሕዝብ የሚቀርበው እንዴት ነው?

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። በኮሎራዶ እና በዋሽንግተን ክፍለ ግዛቶች እ.አ.አ በ2012 እንደሆነው፣ ዜጎች በሕግ የተወሰነውን ያህል ፊርማ አሰባስበው ጥያቄውን በምርጫ ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። በሜሪላንድ ደግሞ ጥያቄውን ለሕዝብ የመራው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው። እንደ ቨርጂኒያ እና ኒው ዮርክ ባሉ ክፍለ ግዛቶች ዜጎች በፊርማ ሕግ የማቅረብ መብት የላቸውም። በሁለቱም ማሪዋናን በ2021 ሕጋዊ ያደረጉት የምክር ቤት አባላት ናቸው።

አብላጫ ድምፅ ሁልጊዜ በቂ ነው?

አይደለም። በፍሎሪዳ በ2024 የቀረበውን ጥያቄ 56 ከመቶ ገደማ የሚሆኑ መራጮች ደግፈውት ነበር። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል 60 ከመቶ ስለሚያስፈልግ ግን ሳይጸድቅ ቀርቷል። በሳውዝ ዳኮታ በ2020 በአብላጫ ድምፅ የጸደቀውን ማሻሻያ፣ ከአንድ በላይ ጉዳይ አጣምሮ ይዟል በሚል የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ሽሮታል። በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከአሥር መራጮች ሰባት ያህሉ በ2014 ቢደግፉትም፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በበጀት ሕግ ላይ ባስቀመጠው ክልከላ ምክንያት ከተማዋ ለመዝናኛ የሚውል ማሪዋና የሚሸጥበትን ሥርዓት መዘርጋት አልቻለችም።

የፌደራሉ ሕግስ?

በክፍለ ግዛት የተሰጠ ድምፅ የፌደራሉን ሕግ አይሽርም። ማሪዋና በ1970 በወጣው የፌደራል ሕግ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም፣ ክፍለ ግዛቶች ቢፈቅዱ እንኳ የፌደራሉ መንግሥት መከልከል እንደሚችል በ2005 ወስኗል።

የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት የሚመለከቱት ይህንን የፌደራል ሕግ ነው። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው መልካም ሥነ ምግባር ያለው መሆኑን ማሳየት አለበት። የዜግነት እና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት ለዚህ መሥፈርት እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ፈቃድ ባለው የማሪዋና መደብር ተቀጥሮ መሥራትም ከዚሁ ይቆጠራል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሳይለው፣ ድርጊቱን መፈጸሙን በራሱ አንደበት ያመነ ሰውም ችግር ሊገጥመው ይችላል።

ሕጉ የተወው ጠባብ መውጫ አለ። ለግል ፍጆታ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና በመያዝ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ጥፋት፣ አንዳንዶቹን መዘዞች ላያስከትል ይችላል። የሜሪላንድ ሕግ የሚፈቅደው ግን 42 ግራም ገደማ ነው። የክፍለ ግዛቱን ልክ የጠበቀ ሰው በፌደራሉ ሚዛን ልኩን ያለፈ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጉዳዩ ዜጎችንም ይነካል። በፌደራል የትራንስፖርት ደንብ የሚመረመሩ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ቢፈቅድም፣ በምርመራ ማሪዋና ከተገኘባቸው ከማሽከርከር ይታገዳሉ።

የኢሚግሬሽን ጠበቆች ዜግነት ላልያዙ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው፦ ዕፁን አለመጠቀም፣ አለመያዝ፣ በዘርፉ አለመቀጠር፣ ከዚህ ቀደም የተፈጸመ ነገር ካለም ማመልከቻ ከማስገባት በፊት ጠበቃ ማማከር። ለባለሥልጣን የሐሰት መልስ መስጠት ራሱን የቻለ ጥፋት በመሆኑ መፍትሔ አይሆንም።

እስከ 2024 ማብቂያ ድረስ 24 ክፍለ ግዛቶች እና ዋሽንግተን ዲሲ ማሪዋናን ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። ዕፁ በፌደራል ደረጃ ወደ ቀለል ያለ ምድብ ቢዛወር እንኳ፣ ከዝርዝሩ ጨርሶ እስካልወጣ ድረስ የኢሚግሬሽን ሕጉ ክልከላ ባለበት ይቀጥላል።