የአውሮፕላን ታሪክ ያረፈበት መሬት

ፓርክ ሲባል ሾኔ ከተማ ሆነን ቶሎ የሚታሰበን እንደ ነጭ ሳር ያለ፣ አውሬ የሚዞርበት ሰፊ ዱር ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ ያለው የአቪዬሽን ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ግን ተበታትኖ የተቀመጠ ነው። እኛ ዘንድ እንሰቱ በጓሮው፣ የበቆሎ ማሳው ወንዝ ማዶ የሆነ ገበሬ ሁለቱንም የእኔ ይዞታ እንደሚለው ነው።

ፓርኩ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የራይት ወንድማማቾችን የብስክሌት ሱቅ፣ በረራ የተለማመዱበትን ሜዳና በ1905 ያበረሯትን አውሮፕላን ያዘ። ከእነዚህ ጋር የጥቁሩ ገጣሚ የፖል ሎረንስ ደንባር ቤትም አለ። ደንባር በባርነት ከኖሩ ወላጆች የተወለደ ሲሆን የኦርቪል ራይት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር፤ ጋዜጣውንም ያተሙለት ወንድማማቾቹ ናቸው። ይህን ቤት ከአውሮፕላኑ ታሪክ ሳይነጥሉ ማቆየታቸው ደስ ይለኛል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ድንበሩ ሰፋ። የተጨመሩት የኦርቪል መኖሪያ ቤትና በ1910 እና በ1911 የተገነባው የወንድማማቾቹ ፋብሪካ ናቸው። ፋብሪካው አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን ለማምረት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። በፊት የታጠረው የፈጠራውና የበረራው ታሪክ ብቻ ነበር፤ ሙያው እንጀራ የሆነበት፣ ሠራተኛ ተቀጥሮ ያመረተበት ቦታ ከውጭ ቀርቶ ነበር።

ድንበር ሰፋ ማለት ግን መሬቱ ወዲያው የመንግሥት ሆነ ማለት አይደለም። ሕጉ የፓርኩ መሥሪያ ቤት ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ እንዲገዛ፣ በስጦታ እንዲቀበል ወይም አብሮ እንዲጠብቅ በር ይከፍታል እንጂ ቁልፉን አያስረክበውም። ፋብሪካው በድንበሩ ውስጥ ከገባ ከዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ.፣ ክፉኛ ተቃጠለ። በካርታ ላይ መካለል ብቻውን ጥበቃ አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበት ቦታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ተከልሎ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲታወጅ ይፈቅዳል። የአቪዬሽን ታሪካችንም የሚከለል ቦታ አላጣም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሥራውን የጀመረው በልደታ ማረፊያ ነበር፤ ቦሌ የመጣው ለጄት የሚበቃ ማኮብኮቢያ ሲያስፈልግ ነው። የልደታውን ማረፊያ ሠፈር ሰው ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ይለዋል።

በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ የተሠራችው አውሮፕላን «ፀሐይ» በጣሊያን ወረራ ተወስዳ፣ ጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳ ተሰጥታለች። አውሮፕላን ቢወሰድም ይመለሳል። ሜዳ ግን ሕንፃ ከበቀለበት በኋላ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ቅድሚያ የምሰጠው ለልደታ ነው፤ ከተማው የሚጫነው እሱን ነውና። ድንበሩ ሲሰመርም የአካባቢው ነዋሪ ካርታው ከመጽደቁ በፊት ይጠየቅ፤ የሚነካ ይዞታ ካለም ካሳው አስቀድሞ ይከፈል።