«ጠንካራ» እና «አስተማማኝ»፤ ያገለገለ መኪና ስለሚመዘንባቸው ቃላት

ጊች በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ተሽከርካሪ በማይደርስበት ደጋ ላይ የነበረ መንደር ነው። ሰውም ጭነትም የሚመላለሰው በእግርና በጋማ ከብት ነበር። 418 አባወራዎች እስከ 2008 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ፣ ከጎንደር በዳባት አልፎ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው አውራ መንገድ ዳር ሆኑ። በቅሎ የሚመዘንበትና መኪና የሚመዘንበት አነጋገር እንዲህ ባለ ቦታ ጎን ለጎን ስለሚገኝ፣ ለስያሜ ሥራ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

የመኪና ዕቃ ስሞች አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካንዴላ»፣ እንዲሁም የዓመታዊው ምርመራ ምልክት «ቦሎ»። መኪናው የሚገመገምባቸው ግሦች ግን የእኛው ናቸው፤ የተወሰዱትም ከሕያው ፍጥረት ነው። ሞተር ይነሣል፣ ዘይት ይበላል፣ ይደክማል፤ ኃይሉም በ«ፈረስ ጉልበት» ይለካል። የመኪናው ዓይነት ራሱ፣ ማለት ባለ አራት በርና የተለየ የዕቃ ማስቀመጫ ያለው፣ «የቤት መኪና» ወይም «አውቶሞቢል» ይባላል። ሁለቱም ቃላት ቅርጽን አይለዩም፤ ለጊዜው «መካከለኛ አውቶሞቢል» ይበቃል እንላለን።

ዋናው ችግር «ጠንካራ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ «ጠንካራ ነው» ሲባል፣ ሞተሩ ብዙ ዘመን ይኖራል ማለት ነው? መንገድ ላይ አያስቀርም ማለት ነው? ወይስ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል? ለመሐንዲስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። አንደኛው ዕቃው አርጅቶ ከጥገና ውጭ እስኪሆን የሚቆይበትን ዘመን ይመለከታል። ሁለተኛው ግን ዕቃው በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ሳይበላሽ ሥራውን የመፈጸሙን ዕድል ይመለከታል። ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የተነዳ፣ ነገር ግን በየወሩ የሚቆም መኪና ሊኖር ይችላል።

በቅሎ ገዥ ይህን ልዩነት አያጣውም። ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፣ ጀርባዋ ገጣባ አለመሆኑን ይዳስሳል፤ ከዚያም አልፎ ደንባራ መሆን አለመሆኗን ይጠይቃል። ጭነት ችላ ዳገት የምትወጣ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ብትደነብር፣ ጥንካሬዋ ለባለቤቷ ምን ይረባዋል?

ስለዚህ ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ «አስተማማኝነት»፣ ለመጀመሪያው «ዘለቄታ» እንዲባል እንመርጣለን። «ታማኝ» የሚለውን አንቀበልም፤ ታማኝነት ፈቃድ ያለው፣ ሊከዳም የሚችል ሰው ጠባይ ነውና። «አስተማማኝ» ከዚያው ከ«አመነ» ቢወጣም፣ እምነቱን በተገልጋዩ ላይ አድርጎ ዕቃውን የእምነቱ ምክንያት ያደርገዋል።

«በተወሰነ ሁኔታ» ያልነውም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ከቆላ የወጣ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ደክሟል» ሊለው ይችላል። የካርቡራተር ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ነዳጁ ከሳሳው አየር በዝቷል ማለት ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። «ደከመ» ሁለቱንም ይሸፍናል። የምርመራ ቅጽ የሚተረጉም ሰው ለአንደኛው «ጉልበቱ ቀንሷል»፣ ለሌላው ጋራዦች እንደሚሉት «ተበልቷል» ብሎ ቢለያቸው ይሻላል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ጉድለት መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ ቃል ከተገባው ጋር ተመዛዝኖ ነው። «ጠንካራ መኪና» ብሎ የፈረመ ሻጭ ምን ቃል ገባ? «ዘይት አይበላም» ያለው ግን፣ አነጋገሩ የጋራዥ ቢሆንም፣ የሚመረመር ነገር ተናግሯል፤ ከደባርቅ ሲነሡና ጎንደር ሲደርሱ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥቶ ማየት ይቻላል።