«ገና ነው!» — የታኅሣሥ ተስፋ በሃቫና ስትሪት

በታኅሣሥ ወር እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሃቫና ስትሪት ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ያገኘዋል። ክርክሩ የአገር ቤት ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ፤ ለእሱ ሌሎቹ ስድስት ቀናት አሉት። የእሑዱ ክርክር «ብሮንኮስ ያልፋል፣ አያልፍም» ነው። አንደኛው ጠረጴዛ «አለቀ!» ይላል። ሁለተኛው «ገና ነው!» ይላል። እኔ ከ«ገና ነው» ወገን ነኝ፤ ዛሬም የቆምኩት ለወገኖቼ ጥብቅና ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ። በእግር ኳስ ሊግ አንድ ቡድን ብቻ ዋንጫ ይወስዳል፤ ሁለተኛ መውጣት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጡትን አርሴናሎቻችንን ጠይቁ። የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ሌላ ነው። 32 ቡድኖች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን 17 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከየጎራው ሰባት ቡድን ያልፋል። አራቱ የየምድባቸው አሸናፊዎች ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ከቀሩት የተሻለ ውጤት ይዘው «ዋይልድ ካርድ» በሚባለው በር የሚገቡ ናቸው። ሰባተኛ የገባውም ለዋንጫው ይጫወታል። ከዚያ ወዲያ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። መደበኛው ውድድር የሚያልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ፣ ከዲሴምበር 10 እስከ ጃንዋሪ 8 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ «ገና ነው» የሚል ደጋፊ እርሳስና ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። «አለቀ»ዎች ይህን ሲያዩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉናል። ይበሉን!

ለምሳሌ በ2024 የውድድር ዘመን የሆነውን እንመልከት። ሦስት ጨዋታ ሲቀር ብሮንኮስ 9 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር። በወረቀታችን ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ካሸነፈ ከሰባቱ ውጭ ያሉት ሁሉ ቢያሸንፉም አይደርሱበትም። ዲሴምበር 19 ቻርጀርስ በሜዳው 34 ለ 27 አሸነፈን፤ ያውም ስንመራ ቆይተን። ዲሴምበር 28 ሲንሲናቲ ላይ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት 30 ለ 24 ተሸነፍን። አቦሉም መራራ፣ ቶናውም መራራ። በረካው ብቻ ቀረ።

በረካው ጃንዋሪ 5, 2025 እሑድ ነበር። ገና ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ጾም ላይ ነን፤ ፈረንጁ የዶሮ ክንፍ ሲግጥ እኛ በያይነቱ ከበን ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጥን። ብሮንኮስ ካንሳስ ሲቲን 38 ለ 0 ደመሰሰው! የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወተው ኳርተርባክ ቦ ኒክስ አራት የተችዳውን ኳስ አቀበለ። ከስምንት የውድድር ዘመናት ድርቅ በኋላ አለፍን። «አለቀ»ዎች «ካንሳስ ሲቲ አንደኝነቱን ቀድሞ ስላረጋገጠ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ነው» አሉ። እውነት ነው፤ አሳርፎ ነበር። ግን ዘበኛው ተኝቶ በሩ ክፍት ቢገኝ ማን ተመልሶ ይሄዳል? በሳምንቱ ባፋሎ 31 ለ 7 አሰናበተን። እሱም እውነት ነው።

በዋይልድ ካርድ በር መግባት ውርደት የሚመስለው ካለ የ1997ን ዘመን ያስታውስ። ያን ጊዜ ብሮንኮስ 12 አሸንፎ 4 ተሸንፎ፣ በምድቡ ከካንሳስ ሲቲ ቀጥሎ ሁለተኛ ነበር። መሪው ጆን ኤልዌይ 37 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ለሱፐር ቦውል ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። «አለቀ» ለማለት ከዚህ የተመቸ ሰው አልነበረም። ጃክሰንቪልን፣ ካንሳስ ሲቲን፣ ፒትስበርግን በተራ አሸነፉ፤ ጃንዋሪ 25, 1998 ግሪን ቤይን 31 ለ 24 ረትተው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን አነሱ።

ተስፋ ሁሉ ግን ተስፋ አይደለም፤ ይህን ወገኖቼም ይስሙኝ። ፌብሩዋሪ 2016 ሦስተኛውን ዋንጫ ከበላን በኋላ ባሉት ስምንት ዘመናት በየመስከረሙ «ዘንድሮስ የእኛ ነው» የሚል አልጠፋም። በ2022 ራስል ዊልሰን በብዙ ተጫዋችና ዕጣ ተለውጦ ሲመጣ ከተማው በደስታ ሰከረ፤ ዓመቱ በ5 ድልና በ12 ሽንፈት ተዘጋ። ሴፕቴምበር 24, 2023 ማያሚ 70 ለ 20 አሸነፈን። ቁጥሩ የኅትመት ስሕተት አይደለም። ሒሳብ የሌለው ተስፋ እንዲህ ያደርጋል።

እኛ ቡና ቤት አንድ ጋሼ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በታክሲ የጨረሱ፣ የተከበሩ ሰው። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ለሰው ቡድን ልብህን ምን አደከመህ? ተስፋ ለአገር ነው እንጂ!» ይሉኛል። በእርግጥ ለአገርም አድርጌያለሁ። ኦክቶበር 13, 2013 በአዲስ አበባ ስታዲየም ከጋዜጠኞቹ መካከል ነበርኩ። ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ቀርቷቸው ከናይጄሪያ ጋር ተጋጥመው ነበር። እዚያ የደረሱት ፊፋ በቦትስዋናው ጨዋታ ቅጣት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል ብሎ ሦስት ነጥብ ከነጠቃቸው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «አለቀ» ተብሎ ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድባቸውን መሩ። በናይጄሪያው ጨዋታ በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ የነበረውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ኢሜኒኬ ሁለት አገባ፤ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ኖቬምበር 16 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገመ። በዓመቱ እኔም ተሰደድኩ።

ከዚያ ወዲህ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። የስደተኛ ተስፋ ፊሽካ የለውም። «በሚመጣው ዓመት አገራችን እንገባለን» እያልን ሶፋ ሳንገዛ የኖርን፣ ሻንጣችንን አልጋ ሥር እንዳስቀመጥን ልጆቻችን ኮሌጅ የገቡብን ብዙ ነን። ስንት ጨዋታ እንደቀረ የሚነግረን የለም፤ ማሸነፋችንም መሸነፋችንም አይለይም። የብሮንኮስ ተስፋ ግን ቀን አለው። እሑድ ማታ ይለይለታል፤ ሰው ይደሰታል ወይም ያዝናል፣ ሰኞ ሥራ ይገባል። እንዲህ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን ተስፋ መለማመድ ለእኛ እንደ መድኃኒት ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ልጄ እዚሁ ኦሮራ ነው የተወለደችው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። በካንሳስ ሲቲው ጨዋታ ዋዜማ ግን «አባዬ፣ እናልፋለን?» አለችኝ። እኔን፣ ራሷንና ዴንቨርን በአንድ የአማርኛ ግሥ ጠቅልላ ስትናገር መጀመሪያ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። «የሰው ቡድን» ላሉት ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ለእሳቸው ዝምታ ትልቅ ነገር ነው።

የ2025ቱን ዘመን ያየ ደግሞ «ገና ነው» የሚለውን ቃል ዋጋ ያውቃል። ኦክቶበር 19 ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ብሮንኮስ በሦስት ሩብ ጨዋታ አንዲት ነጥብ አላገኘም ነበር። ብዙ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። በመጨረሻው ሩብ 33 ነጥብ አግብተው 33 ለ 32 አሸነፉ! ዘመኑን በ14 ድልና በ3 ሽንፈት ከጎራቸው አንደኛ ሆነው ጨረሱ። ጃንዋሪ 17, 2026፣ በከተራ ዋዜማ፣ ያንኑ ባፋሎን በተጨማሪ ሰዓት 33 ለ 30 መለሱ። በዚያው ጨዋታ ግን ቦ ኒክስ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጃንዋሪ 25 በበረዶ ውስጥ፣ በተጠባባቂው ጃሬት ስቲድሃም እየተመሩ፣ በኒው ኢንግላንድ 10 ለ 7 ተሸነፉ። ለሱፐር ቦውል የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ታኅሣሥ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ጨዋታ ቀረ፣ ስንት ድል ይበቃል፣ ከኋላ ማን አለ? መልሱ በወረቀት ላይ ከተገኘ ወደ እኛ ጠረጴዛ ተሻገሩ፤ ወንበር አለ። ካልተገኘ የ«አለቀ»ዎችም ቡና ያው ቡና ነው፤ እዚያው ጠጥታችሁ ለከርሞ ተመለሱ።

ቸር ይግጠመን።