ስለ አረጋውያን ንብረትና ስለ ጣት ፊርማ

ሰው በጉልበቱ ዘመን የደከመበትን ገንዘብ በሽምግልናው ዘመን ሊያርፍበት ተስፋ ያደርጋል። ጎጆ የቀለሰው፣ ጥቂት ጥሪት ያኖረው፣ ልጆች ያሳደገው፣ ዓይኑ በፈዘዘና ጉልበቱ በላላ ጊዜ ጧሪና ቀባሪ እንዳያጣ ብሎ ነው። ነገር ግን ያው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት፣ የባለቤቱ ዓይን መፍዘዙን አስቀድመው ያወቁ ሰዎች የሚያደቡበት ነገር ይሆናል። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ይህን ነው፤ ይኸውም ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ንብረታቸውን በማታለል የሚነጠቁበት መንገድ ምን እንደ ሆነና ሕግ ያቆመላቸው አጥር እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ነው።

ሌባ በሌሊት ግድግዳ ሲሰረስር ቢገኝ ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል። በቀን፣ በፀሐይ፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» ብሎ ቤቱን ከነይዞታው የሚወስደውን ግን ማንም አያየውም፤ ቢያየውም እንደ ደግ ልጅ ቆጥሮ ይመርቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ወረቀት በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ የውክልና ግልባጭ ነበር። የእኅታቸው ልጅ፣ የሟች ባላቸውን የጡረታ ገንዘብ ከባንክ እንዲያወጣላቸውና የመብራቱንና የውሃውን ሒሳብ እንዲከፍልላቸው ብለው የሰጡት መስሏቸው ኖሯል። በልጅነታችን የኔታ ፊት ቆመን ስናነብ አንድ ቃል የዋጠ ሰው አለንጋ ስለሚከተለው፣ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ቃል ሳልውጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ልማዴ ነው። እንደ ልማዴም ማንበብ ጀመርሁ። ከሦስተኛው መስመር ላይ «ቤቴን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በባንክ አስይዞ ለመበደር» ወደሚለው ስደርስ እጃቸውን አንሥተው «ቁም» አሉኝ።

«ይህን እኔ ነኝ ያልሁት?» አሉ።

«ከታች ያረፈው ጣት የእርስዎ አይደለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጣቱስ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኅሊናዬ አልጠፋም። በአገራችን በሽማግሌዎች ንብረት ላይ የሚደርሰው በደል እጅግ የበዛው ክፍል፣ ጣቱ የባለቤቱ፣ ቃሉ የሌላ ሰው በሆነበት ወረቀት ላይ የቆመ ነውና።

ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚበቃ መሆኑን ይናገራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ይኸውም ነገሩ በግልጥ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር ወኪሉ ቤቱን ሊነካው አይችልም ማለት ነው። ሕጉ ይህን ያለው ባለ ንብረቱን ለመጠበቅ ነበር። ዳሩ ግን ወረቀት የሚጽፉት ሰዎች፣ ደንበኛው በኋላ ቃል ጎደለብህ ተብሎ እንዳይመለስ፣ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለውን ሐረግ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ አስቀድመው አስፍረው ለመጣው ሁሉ ያወጡለታል። የጡረታ ደመወዝ ለማስወጣት የመጣውም፣ ቤት ለማሸጥ የመጣውም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ለጥበቃ የታሰበው ቃል በልማድ ብዛት የተነሣ ራሱ ወጥመድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» ብሎ ወደሚጠራው የሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በዚያ ያለው ሹም የፈራሚውን ችሎታ፣ መብትና ሥልጣን እንዲያጣራ የ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 922 ያዝዘዋል። ነገር ግን ተራው ረጅም፣ አዳራሹ ጫጫታ፣ የሽማግሌው ጆሮ የደከመ ሲሆን፣ «ወደው ነው የሚሰጡት?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎን» ከማለት በቀር ምን ይመልሳል? ያጀበው ልጅ አጠገቡ ቆሟል። እኛ እንደሚመስለን በዚያች ሰዓት ሹሙ አጃቢውን «ጥቂት ከደጅ ቆይ» ቢለውና ሽማግሌውን ለብቻው «ይህ ወረቀት ምን እንደሚል በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» ብሎ ቢጠይቀው፣ ብዙ ቤት ከመሸጥ በዳነ ነበር። ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728፣ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት ምልክት፣ በሥራው ላይ ባለ ውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይናገራል። ስለዚህ በምሽት በመብራት ጭላንጭል፣ ቡና እየተጠጣ የተወሰደ ጣት ባለቤቱን የሚያስር አይደለም። ይሁን እንጂ ያልተማረው ወገናችን ቀለም የነካ ጣቱን እንደ መሐላ ስለሚቆጥረው፣ «ፈርሜያለሁ፣ ምን አደርጋለሁ» እያለ በማያስገድደው ወረቀት ታስሮ ይኖራል። አታላዩም የሚተማመነው በዚህ ነው።

እንዲሁም ቁጥር 1710፣ የአንዱን ወገን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም የሥራ ልምድ ማጣት መሣሪያ በማድረግ የተገኘ ውል፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን ሊፈርስ እንደሚችል ይገልጣል። ሕጉ የእርጅናን ድካም በስሙ ጠርቶ አስቦበታል። ነገር ግን ይህን መብት የሚሻ ሰው መዘግየት የለበትም፤ ውሉ እንዲፈርስ የሚቀርበው ክስ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በዘመድ ሽምግልና «እስቲ ይሁን፣ እስቲ ይደር» ሲባል 2 ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል።

ሽማግሌ ለጦረው ሰው ውለታ ሊመልስ ቢፈልግ ክፋት የለበትም፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን መንገዱን ይምረጥ። ኑዛዜ የሚሠራው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ ነው፤ በሕይወቱ ሳለም ሐሳቡን ቢለውጥ ይሽረዋል። ሽያጭና ስጦታ ግን በዚያው ቀን ቤቱን ከእጁ ያወጡታል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤት የነበረው ሰው በገዛ ጎጆው ውስጥ እንግዳ ሆኖ፣ የሚያድርበትን ጥግ በሌላ ሰው ፈቃድ ያገኛል። በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። የቤት ስጦታም በዚሁ የኑዛዜ ሥርዐት ካልተደረገ ዋጋ የለውም። «በፊታቸው ተነበበ» የሚለው ቃል ተራ ልማድ አይደለም፤ የአጥሩ ዋና ምሰሶ እርሱ ነው። በቀድሞው ዘመን የታመመ ሰው የነፍስ አባቱንና ጎረቤቱን ሰብስቦ «ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ብሎ በቃሉ ይናዘዝ ነበር፤ ዛሬ ግን በ2 ምስክር ፊት በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዐትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ለመሳሰለው ጥቂት ነገር ብቻ የሚያገለግል ስለ ሆነ፣ ቤትን የሚያህል ነገር በቃል ተናዝዣለሁ ብሎ የሚተኛ ሰው ተሳስቷል።

የከተማ ቤት ነገር በተለይ የሚያስጨንቅ የሆነው ዋጋው ስለ ናረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀርቶለት ነበር። ያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል። ቤቱ ጭቃ፣ ቆርቆሮው የዛገ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ ያለው ይዞታው ነው። ባለቤቲቱ በወር የምትቀበለው ጡረታ ለበርበሬና ለዘይት አይበቃም፤ ከእግሯ በታች ያለው ነገር ግን ነጋዴ የሚፋጅበት ሆኗል። ይህን ልዩነት እርሷ ሳታውቀው የሚያውቅ ዘመድ አይጠፋም።

ሩቅ ሆኖ የሚያታልልም አለ። ከአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ «ሎተሪ ደርሶኛል፣ እኔ የገጠር ሰው ነኝ፣ ማውጣት አላውቅም፣ ጥቂት ሰጥተውኝ ትኬቱን ይውሰዱት» የሚለው ሰው፣ ወይም «ወድቆ ያገኘነውን ወርቅ እንካፈል» የሚለው ነሐስ ሻጭ አሮጌ ተንኰለኛ ነው፤ ይህን ብዙዎች ነቅተውበታል። አዲሱ ግን በስልክ የሚመጣው ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ስልክ መላክና መቀበል በገጠርም በከተማም ተስፋፍቷል፤ ለደካማ ሰው ባንክ ቤት ቆሞ ከመዋል ማረፍ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ስልኩ ይጮኽና ትሑት ድምፅ፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። ወይም «ውጭ አገር ያለው ልጅዎ ዕቃ ልኮልዎታል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዟል፤ ለቀረጥ ይህን ያህል ይላኩ» ይላል። በተለይ ልጁ በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ለሆነ ወላጅ ይህ ቃል አንጀት ይበላል፤ የልጅ ስም ሲጠራ አእምሮ ከልብ በኋላ ይቀራልና። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባንክም ሆነ የስልክ መሥሪያ ቤት የምስጢር ቁጥር ደውሎ አይጠይቅም። ስልኩን ዘግቶ፣ በሚያውቁት ቁጥር ለልጁ መደወል ነው። ልጆችም ገንዘብ በሚልኩ ጊዜ «ከእኔ አፍ ካልሰማሽ ለማንም አትላኪ» ብለው ከወላጆቻቸው ጋራ አስቀድመው ቢነጋገሩ መልካም ነው።

የባንክ ካርድንም ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ብዙ ሽማግሌ የምስጢሩን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከካርዱ ጋራ በአንድ ቋጠሮ ያስቀምጠዋል። ይህ መዝጊያውን ቈልፎ መክፈቻውን ከደጁ ላይ እንደ መስቀል ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ጥበቃ ስንናገር ሌላ ጥፋት እንዳናስከትል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ልጆች፣ አባታቸው ገንዘቡን እንደ ወደደ ሲያወጣ ባዩ ጊዜ፣ «አርጅቷል፣ ጃጅቷል» እያሉ ንብረቱን ራሳቸው ሊይዙት ይሽቀዳደማሉ። በፍርድ የሚደረግ ክልከላ በሕግ አለ፤ የሚፈቅደው ግን ዳኛ መርምሮ ነው እንጂ ልጅ ስለ ወደደ አይደለም። ማርጀት እብደት አይደለም። ሽማግሌው ገንዘቡን ለድኻ ቢሰጥ፣ ለጎረቤት ቢያበድር፣ በግ ገዝቶ ቢያርድ፣ የደከመበት እርሱ ነው። እንዲያውም ወራሾቹ የሚቈጩበት ወጪ ሁሉ ሞኝነት ከተባለ፣ ከእኛ መካከል ከጃጀ የማይቈጠር ማን ይኖራል?

የአፍሪካ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር በአዲስ አበባ ስለ አረጋውያን መብት አንድ ፕሮቶኮል ተቀብሏል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። መልካም ነው። ነገር ግን ሽማግሌው በሚፈርምበት ሰዓት አጠገቡ የሚገኘው ጎረቤቱ ነው። በየሰፈሩ ዕድር አለን፤ ዕድር ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያሰልፋል። የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ በሕይወት ላለው አባል ደግሞ ወረቀት የሚያነቡለት ቢሆኑ ምን ይከለክላቸዋል? ከወረቀቱ የሚጠቀመው ሰው ራሱ አንባቢ መሆን አይገባውም። ወረቀቱም በመጣበት ቀን አይፈረም፤ አንድ ሌሊት ይደርበት። ቸኩሉ፣ ቸኩሉ የሚል ሰው ካለ፣ ምን አስቸኰለው?

ወደ ባልቴቲቱ ነገር እንመለስ። በማግሥቱ አብረን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ወካይ ሰው ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው እንደሚችል፣ «አይሻርም» የሚል ቃል እንኳ ቢጻፍበት ያ ቃል ዋጋ እንደሌለው ሕጉ ስለሚናገር፣ ጉዳዩ ከፈራነው በላይ ቀላል ሆነ። የሽረቱ ወረቀት ተጻፈ፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተነበበላቸው፤ ጣታቸውንም አሳረፉ። በልጁ እጅ የነበረውን ዋናውን ወረቀት ለማስመለስ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ቤቱ አልተሸጠም ነበር፤ ዋጋ ግን ተጠይቆበት ኖሯል።

ልጁን እንዲከሱት የመከሯቸው ነበሩ። እኔም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። እርሳቸው ግን «ሌሊት ቢያመኝ የሚነሣልኝ እርሱ ነው፤ የዘመድ ጥል የሥጋ ትል» ብለው እንቢ አሉ። በዚህ ነገር ትክክል ይሁኑ አይሁኑ እኔ ዛሬም ልፈርድ አልቻልሁም። ልጁ አሁንም ይመጣል፤ ውሃ ይቀዳላቸዋል፤ ወደ ሐኪም ቤትም ይወስዳቸዋል። የጡረታቸውን ገንዘብ የሚያወጣላቸው ግን ከዚያ ወዲህ ለዚያ ነገር ብቻ በተጻፈ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም አራት መስመር ብቻ ስለ ሆነ በቃላቸው ይዘውታል።

እርሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸው የገባ ማናቸውንም ወረቀት በመሐረብ ጠቅልለው ይመጣሉ። ከደጅ ቁጭ ብለው «ከመጀመሪያው ጀምር» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ያመጡት የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ነበር፤ እርሱንም ከራስጌው እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብሁላቸው።