ተጨማሪ መረጃ፦ መድኃኒት ስንል

በአዳማ፣ በሞጆና በባቱ «መድኃኒት ቤት» እና በኦሮምኛ «መነ ቆሪቻ» የሚሉ ጽሑፎች ጎን ለጎን ይነበባሉ። «መድኃኒት» ከ«ዳነ» ጋር አንድ ሥር ቢኖረውም የሚጠራው የሚያድነውን ብቻ አይደለም፤ የአይጥ መርዙም፣ ፍቅር ያስይዛል የሚባለው መስተፋቅርም መድኃኒት ነው። «መድኃኒት አብልታው ነው» የሚለው ሐሜት ያለ ማስረጃ ሴቶችን ሲወነጅል ኖሯል፤ በደል ነው።

ኮሶ ግን እውነተኛ ፈዋሽ ነው። በአርሲ ደጋ የሚበቅለው ዛፍ ሴቴ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። እጅግ መራራ ነው። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ያስወጣል፤ ትሉም ኮሶ ይባላል። መጠኑ ከበዛ ዓይንን ስለሚጎዳ ዛሬ በሐኪም የሚታዘዘው ክኒን ይመረጣል።