እየሠራ ያለን ኮድ ማደስ

በደባርቅና በዳባት ገበያ፣ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድም ላይ ሰው የያዘው ዘመናዊ ስልክ በአብዛኛው አንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ ሥር ደግሞ ሊኑክስ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል። ከርነል በስልኩ አካልና በአፖቹ መካከል ሆኖ ፕሮሰሰሩንና ራሙን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ስልክ ሀንግ ሲያደርግ፣ ወይም ካሜራ ሲከፈት ቴሌግራም በራሱ ጊዜ ሲዘጋ፣ ብዙ ጊዜ የሚጨናነቀው ይኸው ራም ነው።

ራምን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ኮድ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሥሩ እየታደሰ ነው። ባለሙያዎች ይህን ሥራ ሪፋክተሪንግ ይሉታል፦ ኮዱ የሚሰጠው አገልግሎት ሳይለወጥ ውስጡን መልሶ ማደራጀት።

ከርነሉ ራምን የሚያድለው በገጽ እየከፈለ ነው። የተለመደው ገጽ 4,096 ባይት ይይዛል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በአንድ ገጽ 1,365 ፊደላት ይገባሉ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ከ1 ሚሊዮን በላይ ገጾች አሉት። ገጹ በማን እጅ እንዳለ፣ ስንት ፕሮግራም እንደሚጠቀምበት፣ ይዘቱ ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ ከርነሉ ለእያንዳንዱ ገጽ 64 ባይት የሚሆን መዝገብ ያኖራል። መዝገቡ ብቻውን 64 ሜጋባይት ይበላል፤ አንድም አፕ ሳይከፈት።

ችግሩ የሚመጣው ብዙ ገጾች ተያይዘው እንደ አንድ ሲያገለግሉ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ገጽ ራስ፣ የቀሩት ጅራት ይሆናሉ፤ ዋናው መረጃ የሚገኘው ራስ በሆነው ገጽ መዝገብ ላይ ነው። ይሁንና በኮዱ ውስጥ የሁሉም መዝገብ ዓይነት አንድ ነበር። ስለዚህ ገጽ የተቀበለ የኮድ ክፍል ሁሉ «ይህ ራስ ነው ወይስ ጅራት?» ብሎ መመርመር ነበረበት፤ ቀጥሎ የሚጠራው ክፍልም ያንኑ ምርመራ እንደገና ይጀምራል። በአንድ ግቢ ውስጥ በየክፍሉ በር እየቆመ «አባወራው ማነው?» እንደሚል ቆጣሪ ማለት ነው። ምርመራውን የዘነጋ ፕሮግራመር ደግሞ የተሳሳተ መዝገብ ሊያነብ ይችላል።

የኦራክል ኩባንያ ባልደረባ የሆነው ማቲው ዊልኮክስ ያቀረበው መፍትሔ ፎሊዮ ይባላል። ፎሊዮ ፈጽሞ ጅራት ሊሆን የማይችል፣ ራሱን የቻለ የመረጃ ዓይነት ነው። ምርመራው መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ከተደረገ ይበቃል። ፎሊዮ በሚፈለግበት ቦታ ተራ ገጽ ቢቀርብ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ወዲያው ይናገራል፤ በሰው ጥንቃቄ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ነገር በማሽን የሚጠበቅ ሆነ። ሐሳቡ በ2021 ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ በጥር 2022 በወጣው ሊኑክስ 5.16 ውስጥ ገባ።

ራሙን የሚነካው ኮድ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጀምበር የሚቀየር አልነበረም። የድሮዎቹ ትእዛዞች ስማቸውን እንደያዙ አዲሶቹን ብቻ እንዲጠሩ ተደረጉ። ከዚያ ፋይሎችን የሚያስተዳድሩት የከርነሉ ክፍሎች፣ ማለትም የፋይል ሥርዓቶቹ፣ አንድ በአንድ፣ በትንንሽ እርምጃ ወደ ፎሊዮ መዞር ጀመሩ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ተሠርቶ መሮጥ አለበት፤ ስህተት ቢፈጠር የትኛው እርምጃ እንዳመጣው ለይቶ ማግኘት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የድሮው ትእዛዝ የመጨረሻ ተጠቃሚው ሲጠፋ ይሰረዛል።

ጎን ለጎን ሌላም ጽዳት ተካሂዷል። ለከርነሉ ለራሱ አነስተኛ ራም የሚቆርሱት ክፍሎች ሦስት ነበሩ፦ ስሎብ፣ ስላብና ስለብ። ስሎብ በ2023 በሊኑክስ 6.4፣ ስላብ በ2024 በሊኑክስ 6.8 ተወገዱ፤ ስለብ ብቻ ቀረ። አንድ ማሻሻያ ሦስት ቦታ መጻፍም ቀረ።

የሥራው መዳረሻ ያ የ64 ባይት መዝገብ ነው። ዕቅዱ ለየገጹ የሚቀመጠውን ወደ 8 ባይት ማውረድና ቀሪውን ዝርዝር በተፈለገ ጊዜ ብቻ ለብቻው መያዝ ነው። በ4 ጊጋባይቱ ስልክ ላይ ቋሚው መዝገብ ከ64 ወደ 8 ሜጋባይት ይወርዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ማስታወቂያ አይሠራለትም፤ ራሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ገዝቶ ለዓመታት ለሚጠቀም ሰው ግን ከአዲስ ካሜራ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ችግሩ፣ አዲሱ ከርነል ወደ አሮጌ ስልክ በራሱ አይመጣም፤ የሚወስነው አምራቹ ነው። ስልክ ለመግዛት የሚያስብ ሰው «ስለ ስልኩ» በሚለው ማውጫ ውስጥ የከርነሉን ቁጥር ማየት ይችላል፤ 5.16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፎሊዮ ውስጡ አለ።