ፋየርፕሌሱን ኢንሹራንሱ ያውቀዋል?

ለገዳዲ ቤት የሠራ ሰው የኅዳርን ብርድ አይረሳም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፤ ሱሉልታ ያሉ ዘመዶቻችን ግን «የእናንተማ ምን ብርድ ነው!» ይሉናል። ብዙዎቻችን ቤቱ ካለቀ በኋላ ግንበኛ ጠርተን ሳሎኑ ጥግ ላይ ፋየርፕሌስ እናሠራለን።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ድንጋዩ ያምራል፤ እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። በሁለተኛው ዓመት መብራት ሊጠግን ኮርኒስ ውስጥ የገባው ኤሌክትሪሺያን ግን «ኑ፣ እዩ» ብሎ ጠራን። ከጭስ ማውጫው ላሜራ ቱቦ ጋር የተጠጋው የባሕር ዛፍ እንጨት ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ደጋግሞ የሚሞቅ እንጨት ውሎ አድሮ ከወትሮው ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ለካ ከልጆቹ መኝታ በላይ ይህ ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ ነጠላ የላሜራ ቱቦ ጭራሹን በኮርኒስ ውስጥ አያልፍም። ቤት ውስጥ የቆመ የግንብ ጭስ ማውጫም ከእንጨት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ ደግሞ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፈቃድ የጠየቀው ለአዲስ ግንባታ ብቻ አይደለም፤ ነባሩን ሕንፃ ለመለወጥም ነው። እኛ ለግንበኛው ዋጋ እንጂ ለፕላኑ አልተጨነቅንም። ድንጋይ ከመጫኑ በፊት የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ጎራ ብሎ መጠየቅ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠን ግን ኢንሹራንሱ ነው። ቤታችን የተሠራው በባንክ ብድር ስለሆነ የእሳትና መብረቅ ኢንሹራንስ አለው። አረቦኑን በየዓመቱ ከፍለናል፤ ፖሊሲውን ያነበብነው ግን ያን ዕለት ማታ ነው። ቅጹን ስንሞላ ፋየርፕሌስ አልነበረም፤ ከተሠራ በኋላም ለማንም አልተናገርንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን ኢንሹራንስ የገባ ሰው አደጋውን ለመገመት የሚረዳውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ፣ በኋላም አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ሲኖር እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ቤቱ ቢቃጠል ደግሞ የባንኩ ዕዳ አብሮ አይቃጠልም።

በማግስቱ ፎቶ አያይዘን ደብዳቤ አስገባን። ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ማስደረግ አይርሱ፤ በስልክ የተነገረ ነገር ማስረጃ አይሆንም። አረቦኑ ሊጨምር ይችላል፤ ይጨምር።

ማገዶውም ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚቀጣጠል ጥቀርሻ ያከማቻል። «ፋየርፕሌሱ እስኪሠራ» ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይታሰብም፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

የእኛ ቱቦ ፈርሶ በግንብ እየተሠራ ነው። እስከዚያው ጋቢ ደርበን፣ ሻይ ይዘን እናመሻለን።